ኪስ የምትገባ ሮተር

በ1940 እ.ኤ.አ. በጋ ፈረንሳይ በጀርመን ጦር እጅ ስትወድቅ እንግሊዞችን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳቸው። የጠላት ወታደር በጃንጥላ ከሰማይ ቢወርድና መንገድ ዳር የቆመች መኪና ቢያገኝ የት ድረስ ይዟት ይሄዳል? መንግሥት መልሱን በደንብ መልክ አወጣ። መኪናውን አቁሞ የሚሄድ ሁሉ ሌላ ሰው ሊያስነሣት እንዳይችል አድርጎ ይሂድ፤ ያላደረገ ይቀጣል። አሽከርካሪዎችም ኮፈን እየከፈቱ፣ ሮተር እየነቀሉ ኪሳቸው መክተት ጀመሩ።

ሮተር አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ናት። ዲስትሪቢዩተር በሚባለው ክፍል ውስጥ እየተሽከረከረች ኤሌክትሪኩን ለየካንዴላው በተራ ታድላለች። እሷ ከሌለች ቁልፍ ቢኖር፣ ባትሪው ቢሞላ፣ ቤንዚኑ ቢትረፈረፍ ሞተሩ አይነሣም። ጦርነቱ ካለቀ ብዙ ዘመን ቢያልፍም የጥንት መኪና ያላቸው ሰዎች ይህችን ዘዴ አልተዉአትም። ያልተዉበት ምክንያት ከመኪና ቁልፍ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። (ሌላ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያዎቹን መኪናዎች ከሌባ የጠበቃቸው የራሳቸው አስቸጋሪነት ነበር። ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ የተመረተውን የፎርድ ሞዴል ቲን ለማስነሣት የተለየ እጅ ያስፈልግ ነበር። ከመሪው ሥር ካሉት ሁለት ማንሻዎች አንዱ የብልጭታውን ጊዜ፣ ሌላው የነዳጁን መጠን ይወስናል። እነሱን በቦታቸው ካደረጉ በኋላ ወደ ፊት ዞሮ ማስነሻውን ዘንግ በክንድ ኃይል ማሽከርከር ነው። ብልጭታው ቀድሞ ከመጣ ዘንጉ ወደ ኋላ ይፈናጠራል፤ በዚህ ክንዱ የተሰበረ አሽከርካሪ ጥቂት አልነበረም። ሥራውን የማያውቅ ሌባ ከመኪናው ይልቅ ስብራት ይዞ ሊሄድ ይችል ነበር።

በ1912 ካዲላክ በቻርልስ ኬተሪንግ የተሠራውን የኤሌክትሪክ ሞተሪኖ ይዞ ገበያ ወጣ። ዘንግ ማሽከርከር ቀረ፤ ለባለቤቱ የመጣው ምቾት ለሌባውም ሠርግና ምላሽ ሆነ። ሞተሪኖው ፎርድ ዘንድ ሲደርስ ጊዜው 1919 ነበር። አብሮት የመጣው ቁልፍ ግን ከስሙ በቀር ብዙም ቁልፍነት አልነበረውም። ከ51 እስከ 74 ቁጥር የተሰጣቸው 24 ዓይነት ቁልፎች ብቻ ነበሩ፤ እነዚህን በአንድ ቀለበት ያንጠለጠለ ሰው የማንንም ፎርድ ያስነሣል። ይባስ ብሎ የቁልፉ ቁጥር በመቆለፊያው ፊት ላይ ተቀርጾ ስለሚታይ ሌባው መገመት እንኳ አያስፈልገውም ነበር።

በዚያው በ1919 የአሜሪካ ኮንግረስ የዳየር ሕግን አወጣ። የተሰረቀን መኪና ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው መንዳት የፌዴራል ወንጀል ሆነ። ሕጉ ያልታሰበ ዓሣ ያጠመደው በመጋቢት 1934 ነው። ባንክ ዘራፊው ጆን ዲሊንጀር ኢንዲያና ከሚገኘው ከክራውን ፖይንት እስር ቤት ሲያመልጥ የሸሪፏን የሊሊያን ሆሊን መኪና ይዞ ወደ ኢሊኖይ ተሻገረ። እስከዚያ ድረስ የፌዴራል መርማሪዎች እሱን የሚያሳድዱበት በቂ ሥልጣን አልነበራቸውም። በሰረቃት መኪና ድንበር መሻገሩ ሥልጣኑን ሰጣቸው፤ ሐምሌ ላይ ቺካጎ ውስጥ በጥይት ገደሉት።

ሕግ ከስርቆት በኋላ ይደርሳል፤ ከስርቆት በፊት የሚደርስ ነገር ፍለጋ ግን ቀጠለ። ምዕራብ ጀርመን በ1960ዎቹ መጀመሪያ መሪን ቆልፎ የሚይዝ መሣሪያ አስገዳጅ አደረገች። ያዘዘችው ለአዲሶቹ መኪናዎች ብቻ ሳይሆን በመንገድ ላይ ላሉት አሮጌዎችም ጭምር ነበርና ስርቆቱ ቀነሰ።

እንግሊዝ ተመሳሳይ መንገድ የጀመረችው በ1971 ሲሆን ያዘዘችው ለአዲሶቹ ብቻ ነው። ውጤቱን የለንደን ቁጥሮች ያሳያሉ። በ1969 ከተሰረቁት መኪናዎች 20.9 በመቶው አዲስ ነበሩ፤ በ1973 ይህ ድርሻ ወደ 5.1 በመቶ ወረደ። የስርቆቱ ጠቅላላ ብዛት ግን እምብዛም አልተለወጠም። ሌባው ሥራውን አልተወም፤ የተቆለፈውን አልፎ መሪው ወዳልተቆለፈው አሮጌ መኪና ዞረ።

ከዚያ ወዲህ የመጣው እያንዳንዱ ፈጠራ በአዲሱና በአሮጌው መኪና መካከል ያለውን ክፍተት አሰፋው። በ1986 ኮርቬት የተባለችው መኪና ቁልፏ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ መቋቋሚያ ተጣበቀባት፤ የመቋቋሚያው ልክ ከ15 የተለያዩ ልኮች አንዱ ነው፣ መኪናዋ የራሷን ልክ ካላገኘች አትነሣም። ከ1998 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት አዲስ መኪና ሁሉ ቁልፉን በኤሌክትሮኒክስ የሚለይ መሣሪያ እንዲኖረው አስገደደ። የ1960ዎቹ መኪና ግን የተወለደበትን ዘመን ቁልፍ ይዞ ቀረ፤ ገመዶቹን ከመሪው ሥር አውጥቶ ማነካካት የሚችል ሰው ሁሉ ያስነሣዋል። በዚህ መሃል ዋጋው ሰማይ ነካ፤ የሌባውም ዓይን አብሮ ከፍ አለ።

ለዚህ ነው የጥንት መኪና ሰዎች የ1940ውን ዘዴ ያልተዉት። አዲስ አበባ በደንብ የምታውቃትን ቮልስን እንውሰድ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱባት ይህች መኪና ሞተሯ ከኋላ ነው። የኋላ ክዳኗን ከፍ አድርጎ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን የያዙትን ሁለት ሽቦዎች በጣት ማላቀቅ ብቻ ነው የሚጠበቀው። መፍቻ አያስፈልግም፤ ሮተሯ በእጅ ተስባ ትወጣለች። ሌሎች ደግሞ የባትሪውን መስመር የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ባለቤቱ ብቻ በሚያውቀው ቦታ ይሸሽጋሉ፤ የቤንዚኑን መተላለፊያ የሚዘጋ ቧንቧም የሚያስገቡ አሉ። ሁሉም የሚሠሩት በአንድ ሐሳብ ነው፤ ባለቤቱ ሲሄድ መኪናዋ ጎዶሎ ትሁን።

ጎዶሎ መኪናም ቢሆን ተጭኖ ይሄዳል። ለጎልድፊንገር ፊልም ያገለገለው አስተን ማርቲን ዲቢ5 በ1997 ፍሎሪዳ ቦካ ራቶን አየር ማረፊያ ከተቆለፈ የአውሮፕላን መጋዘን ውስጥ ጠፋ። የመድን ካሳው ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ተጎትቶ ለሚወሰድ መኪና የኪስ ሮተር አይደርስለትም፤ ያኔ የሚቀረው ተስፋ ሻሲው ላይ የተመታው ቁጥር ነው። መኪናው ዳግም ለሽያጭ በቀረበ፣ ሰሌዳ በተጠየቀ ወይም ለጥገና በገባ ቁጥር ይህ ቁጥር ሊመረመር ይችላል።

የፊልም ዳይሬክተሩ የኩዌንቲን ታራንቲኖ የ1964 ሸቭሮሌት ማሊቡ የዳነችው በዚህ መንገድ ነው። ፐልፕ ፊክሽን በተሰኘው ፊልም ላይ ጆን ትራቮልታ የነዳት ይህች ቀይ መኪና በ1994 ተሰረቀች። ሌቦቹ ቁጥሯን ስለቀየሩት የተሰረቀች መሆኗን በማያውቅ ሰው እጅ ቆየች። በ2013 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፖሊሶች ቁጥሯን ሲያጣሩ የማን እንደነበረች ታወቀ። ከጠፋች 19 ዓመት ሆኗት ነበር።