የጠላቂው ልብስና የምጽዋ ወደብ

የቀድሞ ባሕር ኀይሎችን የጠላቂ ዕቃ የሚሰበስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚመኘው የመዳቡን የራስ ቁር ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምናስረዳው ግን፣ ቁሩ ከአየር መንፊያውና ከአየር ቧንቧው ሲለይ ጌጥ እንጂ የታሪክ ማስረጃ እንደማይሆን ነው።

ምስክራችን ምጽዋ ናት። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በኤፕሪል 1941 ኢጣሊያኖች ወደቡን ከማስረከባቸው በፊት መርከቦቻቸውንና ተንሳፋፊውን የመርከብ መጠገኛ አሰጠሙ። በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኀይል መኰንን ኤድዋርድ ኤልስበርግ ከጥቂት ጠላቂዎችና ሠራተኞች ጋር ሆኖ መጠገኛውን አነሣው። ዘዴውም የታመቀ አየር በየክፍሉ እየነፉ ውሃውን ወደ ታች ማስወጣት ነበር። የጠላቂው ልብስ የሚሠራውም በዚሁ ሕግ ነው፤ ከላይ የሚላከው አየር ውሃውን ይገፋል፣ ሰውየውንም ያኖራል።

ኋላ የኢትዮጵያ ባሕር ኀይል በ1950ዎቹ ተቋቁሞ ምጽዋን ዋና ሰፈሩ አደረገ፤ ከተማዪቱን በ1990 አጣ፤ በ1996ም ፈረሰ። በ2018 እንደገና እንዲቋቋም ሲወሰን ምጽዋ በኤርትራ ግዛት ነበረች። ወደቡን ሳያይ ታሪኩን ለሚያጠና ተማሪ እንግዲህ ዕቃው ራሱ መምህር ነው። ስለዚህ ሰብሳቢው ዕቃውን ሳይነጣጥል ያኑር፤ ማን እንደ ለበሰውና የት እንደ ጠለቀበትም የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሳያልፉ ጠይቆ ይመዝግብ እንላለን።