የታላቁ የደም ሥር ስንጥቅ፤ ከአስከሬን ምርመራ እስከ ሲቲ ስካን

ከልብ ወጥቶ ለመላ ሰውነት ደም የሚያድለውን ታላቅ የደም ሥር ሐኪሞች አኦርታ ይሉታል። ግድግዳው ሦስት ንብርብር አለው። የውስጡ ንብርብር የተቀደደ እንደ ሆነ ደም በስንጥቁ ገብቶ ንብርብሮቹን ይለያያል፤ ከእውነተኛው ጎን ሁለተኛ የሐሰት መተላለፊያ ያበጃል። ይህ ሕመም በሕይወት ባለ ሰው ላይ ሊታይ የቻለው እንዴት እንደ ሆነ በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ጊዮርጊስ በ1760 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል) ኦክቶበር 25 ቀን ማለዳ ቸኮላታቸውን ጠጥተው ወደ መጸዳጃ ክፍል ገቡ፤ ጥቂት ቆይቶም ወድቀው ተገኙ። አስከሬናቸውን የመረመረው ሐኪም ፍራንክ ኒኮልስ ልብን የሚሸፍነው ከረጢት በረጋ ደም ተሞልቶ፥ በአኦርታውም ውስጥ የአንድ ኢንች ተኩል ያህል ስንጥቅ አገኘ። ምርመራው እጅግ የተጣራ ነበር፤ ለንጉሡ ግን ምንም አልጠቀማቸውም።

ራጅ በ1895 ከተገኘም በኋላ የሚታየው የአኦርታው ጥላ መስፋቱ እንጂ ስንጥቁ አልነበረም። በ1955 በአሜሪካ የሂውስተኑ ማይክል ደቤኪ ከባልደረቦቹ ጋር የቀዶ ጥገናውን ዘዴ አሳተመ። ነገር ግን ቀዳጁ ስንጥቁ የት እንዳለ አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት። ከልብ ወደ ላይ በሚወጣው ክፍል ከሆነ ቀዶ ጥገናው አይዘገይም፤ በሚወርደው ክፍል ብቻ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ የደም ግፊትን በመድኃኒት ማውረድ ይቀድማል።

በ1971 የመሐንዲሱ የጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ መሣሪያ በለንደን የመጀመሪያውን በሽተኛ ሲያነሣ የሚያሳየው ጭንቅላትን ብቻ ነበር። ራጁን ከብዙ አቅጣጫ አሳልፎ ውጤቱን በኮምፒዩተር በማስላት አካልን እንደ ዳቦ ቁራሽ በስሱ ያሳያል። ደረት ግን እንደ ጭንቅላት ረግቶ አይቀመጥም። በልብ አጠገብ ያለው አኦርታ በየምቱ ስለሚንቀሳቀስ ጠርዙ በምስሉ ላይ ድርብ ሆኖ ይወጣል፤ ጤናማውም የተሰነጠቀ ይመስላል። በእኛ አስተያየት ከፍጥነቱ ይልቅ ትልቁ እርምጃ ምስሉን ከልብ ምት ጋር ማስተባበር መቻሉ ነው።

ደቤኪ ራሱ በ2005 መጨረሻ ቀን፥ በ97 ዓመቱ፥ በቤቱ ሳለ ድንገተኛ የደረት ሕመም ያዘው። የአኦርታ ስንጥቅ መሆኑንም ጠረጠረ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ሲቲ ስካኑ ጥርጣሬውን አረጋገጠ። በመጀመሪያ ቀዶ ጥገናውን እንቢ ብሎ ነበር። ከአንድ ወር በላይ መቆየቱ መጠበቅ አይጎዳም ለማለት የሚያበቃ አይመስለንም፤ ሁኔታው እየባሰ ሄዶ ነበርና። በፌብሩዋሪ 2006 ሐኪሞች እርሱ ራሱ መንገዱን በጀመረው ቀዶ ጥገና አዳኑት፤ እስከ ጁላይ 2008ም ኖረ።