የአምስቱ ፍየሎች ከተማ

ሁለተኛው ቡና እስኪፈላ ጆሮ ስጡኝ። የምነግራችሁ የሩቅ አገር ወሬ ነው፤ ሰዎቹ ግን የኛው ናቸው። አንዷ ሚዛን ተፈሪ ገበያ ውስጥ የልብስ ሱቅ ያላት ሴት ናት። ሌላው የወንድሟ ልጅ ነው፤ ሸዋ ቤንች ውስጥ በአባቱ ቡናና እንሰት መካከል ያደገ ጎረምሳ። ስማቸው ይቆየን። እሱ እቴቴ ይላታልና እኛም እቴቴ እንበላት።

እቴቴ በሚዛን የጓንዡ አዋቂ ናት። ወደ ቻይና የሚሄድ ነጋዴ ሁሉ አስቀድሞ እሷ ሱቅ ጎራ ይላል። የትኛው ካርጎ ዕቃ እንደማያጠፋ፣ የትኛው ደላላ ከሻጭም ከገዢም እንደሚበላ፣ መቼ መሄድ እንደሌለበት ትነግረዋለች። «በእነሱ አዲስ ዓመት ሰሞን፣ በጥርና በየካቲት መካከል እንዳትሄድ፤ ፋብሪካው ዝግ፣ ሱቁ ዝግ፣ ሠራተኛው አገሩ ገብቶ፣ አንተ ሆቴል ከፍለህ ግድግዳ ታያለህ» ትላለች። ልጁ የቡናው ብር እጁ ሲገባ፣ የፀሐይ መብራትና የስልክ ዕቃ አምጥቼ ካልነገድኩ ብሎ ድርቅ አለ። እሷም በሚያዝያ ይዛው ሄደች።

ከሚዛን በቦንጋ በጅማ አዲስ አበባ መግባቱን ታውቁታላችሁ፤ አልተርክላችሁም። አውሮፕላኑ ሌሊት ከቦሌ ይነሳና በእነሱ ሰዓት ከቀትር በኋላ ጓንዡ ያደርሳል፤ አምስት ሰዓት ይቀድሙናል። ከባይዩን አየር ማረፊያ ደጃፍ ሲወጡ ሞቃትና እርጥብ አየር ተቀበላቸው። እቴቴ መሐረብ አወጣች። ልጁ ግን ፈገግ ብሎ፣ «ይሄማ ቴፒ ነው!» አለ።

ቴፒ እንኳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ሲቆጠር ከ18 ሚሊዮን በላይ ሰው የተገኘበት ከተማ ነው። ልጁ ስልኩን ከፍቶ ለእናቱ «ደርሻለሁ» ሊል ቢሞክር ዋትስአፑ ዝም፣ ፌስቡኩ ዝም፣ ጉግሉም ዝም። እቴቴ ሳቀች። እዚያ አገር እነዚህ አይሠሩም፤ ሁሉ ነገር በዌቻት ነው። ወሬው በዌቻት፣ ክፍያው በዌቻት ወይም በአሊፔይ። ሎሚ የምትሸጥ አሮጊት እንኳ የክፍያውን ኮድ ከጋሪዋ ላይ አንጠልጥላለች፤ ጥሬ ገንዘብ ብትሰጧት ትቀበላለች፣ መልስ ግን የላትም። ስለዚህ የሚሄድ ሰው ዌቻትንና አሊፔይን ቦሌ ሳለ ስልኩ ላይ ይጫን። ፓስፖርቱንም ከኪሱ አይለይ። ሆቴል ካደረ ሆቴሉ ያስመዘግበዋል፤ ዘመድ ቤት ካደረ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ የራሱ ዕዳ ነው።

ባቡሩ ደግሞ ከመሬት በታች ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ተጀምሮ ዛሬ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ውስጥ ለውስጥ በስቶታል፤ ዋጋው ከሁለት ዩዋን ይጀምራል። ሻንጣችሁ በመፈተሻ ያልፋል፣ ከዚያ ትገባላችሁ። የሚያስቸግረው መግባቱ አይደለም፣ መውጣቱ ነው። አንድ ጣቢያ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እያለ ብዙ መውጫ አለው፤ በአንዱ ብትወጡ ገበያው ፊታችሁ ነው፣ በሌላው ብትወጡ የማታውቁት አውራ ጎዳና ማዶ ናችሁ። «ጣቢያውን ብቻ ሳይሆን ፊደሉንም ያዝ» አለችው እቴቴ። ይህቺ ምክሯ ወርቅ ናት።

ማረፊያቸው ሻኦቤይ ነው። ጓንዡን የረገጠ የአፍሪካ ነጋዴ ሁሉ ሻኦቤይን ያውቃል። ቲያንሹ የሚባለው ሕንጻ እዚያ ነው፤ ጠባብ ጠባብ ሱቆቹ ከጂንስ እስከ ሰው ሠራሽ ፀጉር ሞልተዋል። ናይጄሪያዊው፣ ማሊያዊው፣ ኮንጎአዊው፣ ሐበሻው ደረጃው ላይ ይተላለፋል። የልብሱን ጅምላ ደግሞ በባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው ባይማ ገበያ ያወጡታል። ለትልልቁ ዕቃ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በየጸደዩና በየበልጉ የሚከፈተው የካንቶን ትርኢት አለ፤ ፓዦ በሚባለው ሰፈር፣ ከተማውን ከሚያቋርጠው ወንዝ በስተ ደቡብ።

እቴቴ ስትገዛ ብታዩአት! ቋንቋ የለም፤ ያለው ካልኩሌተር ነው። ሻጯ ቁጥር ጽፋ ትገፋላታለች። እቴቴ ታይና ጥርሷን ትመጥጣለች፤ አጥፍታ የራሷን ትጽፋለች። ሻጯ ደረቷን ይዛ ትጮኻለች። እቴቴ ቦርሳዋን አንስታ ትነሳለች። በሩ ጋ ስትደርስ ካልኩሌተሩ ከኋላዋ ይመጣል። ልጁ የመጀመሪያውን ቀን ቆሞ አየ፤ በማግስቱ ራሱ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲያ ደረቱን ይዞ መጮህም ለመደ።

እንዲህ ሲሉ ከረሙ። ከሆቴል ገበያ፣ ከገበያ ካርጎ፣ ከካርጎ ሆቴል። አንድ ቀን ታዲያ ዝናቡ ሌሊቱን ሲያወርድ አድሮ፣ ያዘዙት ዕቃ በማግስቱ እንጂ አይደርስም ተባለ። ልጁ በመስኮት ሲመለከት ከሕንጻዎቹ ጀርባ አረንጓዴ ጉብታ አየ።

«እቴቴ፣ ያ ደን ምንድን ነው?»

«መናፈሻ ነው መሰለኝ።»

«ገብተሽ አታውቂም?»

«አንተ ልጅ፣ እኔ ዛፍ ለማየት ነው ከሚዛን ድረስ የመጣሁት?»

እንግዲህ ነገሬ እዚህ ጋ ነው። ይህቺ አዋቂ የተባለች ሴት፣ ስንቱን ነጋዴ መክራ የላከች፣ ከመናፈሻው በእግር በሚደረስበት ሆቴል ስታድር ስትነሳ ኖራ አጥሩን አላለፈችም። እሷ ብቻ መስሏችሁ? ጓንዡን አየሁ ከሚሉት ነጋዴዎቻችን አብዛኞቹ ያዩት ሁለት መንገድና አንድ ሕንጻ ነው። እኔ አልፈርድም፤ ሆቴሉ በቀን ይቆጥራል፣ ዶላሩ በስንት መከራ የተገኘ ነው። ግን ያን ሁሉ ሰማይ አቋርጦ ቲያንሹን ብቻ አይቶ መመለስ ያንገበግባል።

ጎትቶ ወሰዳት። ዩዌሹ መናፈሻ ይባላል፤ መግቢያ አይከፈልበትም። ዝናቡ አባርቶ ሽማግሌዎቹ ወጥተዋል። ግማሹ እጁን በቀስታ እያወዛወዘ ስፖርት ይሠራል፣ ግማሹ ካርታ ይጫወታል፣ አንዲት ባልቴት ማይክራፎን ይዛ ብቻዋን ትዘፍናለች። ደረጃውን ሲወጡ ጉብታው ላይ የድንጋይ ፍየሎች ቆመዋል፤ አምስት ናቸው፣ ትልቁ አንገቱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ አፉ ውስጥ የሩዝ ዛላ ይዟል።

ተረቱ እንዲህ ነው። ድሮ ድሮ በዚህ ቦታ ረሃብ ገባ። አምስት የሰማይ ሰዎች በአምስት ፍየሎች ላይ ተቀምጠው ወረዱ፤ ለሕዝቡ የሩዝ ዛላ ሰጡና «ከእንግዲህ ረሃብ አይግባባችሁ» ብለው መርቀው ዐረጉ። ፍየሎቹ ግን ቀሩ፤ ድንጋይ ሆኑ። ጓንዡን እስከ ዛሬ የፍየሎች ከተማ ይሏታል። እቴቴ ይህን ስትሰማ ፍየሉን ዞር ብላ አየችና፣ «እኛ አገር ቢሆን በፋሲካ አይተርፍም ነበር» አለች።

በዚያው መናፈሻ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1380 የተሠራው ቀይ ባለ አምስት ፎቅ ዠንሃይ ግንብ አለ፤ ውስጡ የከተማው ሙዚየም ነው። ከመናፈሻው ማዶ፣ ብዙ ሳትርቁ፣ በዛፍ የተከበበ መስጊድና መቃብር ታገኛላችሁ። የቻይና ሙስሊሞች የነቢዩ ባልደረባ ሰዓድ ኢብን አቢ ወቃስ እዚህ ዐረፈ ይላሉ፤ በአንዳንዱ አፈ ታሪካቸው ደግሞ ወደ ቻይና በመርከብ የተነሳው ከሐበሻ ምድር ነው። የታሪክ ሰዎች አያምኑትም፤ የዐረቦቹም መጻሕፍት መዲና ተቀበረ ይላሉ። ቢሆንም ዓርብ ዓርብ ከየአገሩ የመጣው ነጋዴ ግቢውን ሞልቶ ሲሰግድ ማየት ነው። ሙስሊም ጎረቤታችሁ ቢሄድ ይህን ቦታ ሳትነግሩት እንዳትቀሩ።

ረሃብ ስላነሳን፣ ቁርስ ልንገራችሁ። የጓንዡ ሰው ጠዋት ሻይ ቤት ይቀመጣል፤ ሽማግሌው በጋዜጣው፣ ቤተሰቡ ከነልጅ ልጁ ክቡን ጠረጴዛ ከቦ። ምግቡ በትንንሽ የቀርከሃ ሳጥን በእንፋሎት በስሎ ይመጣል። እቴቴ የአሳማውን ነገር ስለምትፈራ እዚያው ሱቅ ያላት አንዲት ሐበሻ በቻይንኛ «አሳማ አልበላም» የሚል ጽሑፍ ስልኳ ላይ አስቀምጣላታለች፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ፣ ከሳጥኖቹ ግማሹ ያው ነውና። ሽሪምፑ ግን ይጣፍጣል። ልጁ አንዱን ሳጥን ሲከፍት የዶሮ እግር ከነጥፍሩ ተጋድሞ አየው። እቴቴ ፊቷን አዞረች። እሱ በላው፤ እንዲያውም ደገመ።

ሻዩን የቀዳላቸው አጠገባቸው የተቀመጠ ሽማግሌ ነው። ቦታ ጠቦ ጠረጴዛ ተጋርተዋል። ሽማግሌው ለልጁ ሲቀዳ፣ ልጁ እንደ አስተዳደጉ ብድግ ሊል ሲል ሰውየው ሳቀና በሁለት ጣቱ ጠረጴዛውን ጠብ ጠብ አደረገ፤ «እንዲህ በል» ማለቱ ነው። ሲያወሩ፣ ንጉሥ ቺያንሎንግ ራሱን ደብቆ ሲጓዝ ለአሽከሩ ሻይ ቀዳለት፤ አሽከሩ ተንበርክኮ እጅ ቢነሳ ንጉሡ ሊታወቅ ሆነ፤ ስለዚህ ጣቶቹን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አሰገዳቸው። ልጁ ከዚያ በኋላ አስተናጋጅዋ ውሃ ስትጨምር እንኳ ጠብ ጠብ ነው።

ከሰዓት በኋላ በባቡር ሁዋንግሻ ጣቢያ ወርደው ሻሚያን ደሴት ገቡ። በ19ኛው መቶ ዘመን ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ የተሰጠች ቁራጭ መሬት ናት። ሕንጻዎቹ የአውሮፓ፣ ዛፎቹ የዋርካ ዘመድ፤ ከተማው ጫጫታውን ድልድዩ ማዶ ትቶታል። ሙሽሮች ሁሉ ፎቶ የሚነሱት እዚያ ነው። አንድ ጊዜ ካያችኋት ይበቃል።

ልጁን የያዘው ከድልድዩ ማዶ ያለው ቺንግፒንግ ገበያ ነው። የመድኃኒትና የቅመም ገበያ ነው፤ የደረቀ ሥር፣ ቅርፊት፣ የደረቀ የባሕር ፈረስ፣ እንጉዳይ በጆንያ በጆንያ። አንዱ ጆንያ ላይ ቆመ። ቡናማ፣ የተሸበሸበ፣ ራሱ ኮረሪማ! አንዱን አንስቶ በጥርሱ ሰነጠቀው፤ ፍሬው ያው ነው፣ ሽታው ግን ጭስ ጭስ ይላል። በእሳት ነው የሚያደርቁት። ዝንጅብሉን፣ እርዱን እያነሳ ለሻጩ በጣቱ ራሱን ሲያሳይ፣ «እኛም ጋ አለ» ማለቱ ገብቶት ይሁን ሳይገባው፣ ሰውየው ወንበር ሳበለት።

ከገበያው ጥግ ጥቁር መጠጥ በትልቅ የመዳብ ማሰሮ የሚሸጥበት ቤት አለ፤ ከቅጠላ ቅጠል የሚፈላ፣ ለሙቀት ነው የሚሉት። እቴቴ ቀምሳ ተፋችው፤ ከኮሶ አይተናነስም አለች። ልጁ ጨለጠው። ልጅ ሆኖ የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር ተፈልቶ ሲጠጣ ያደገ ሰው መራራ አያስደነግጠውም።

ቡናስ ካላችሁ፣ ሞልቷል። ሻይ ጠጪ የምንለው አገር ወጣቱ ቡና ይዟል። አንዲት ጠባብ ቡና ቤት ገብተው ዝርዝሩን ቢያዩ የአንዱ ዋጋ ከሌላው ሁሉ በእጥፍ ይበልጣል፤ ቢጠይቁ «ጌሻ» ተባሉ። ከፓናማ የመጣ። ልጁ ጌሻ በማጂ በኩል ያለች የኛው ምድር መሆኗን በስልኩ ካርታ ቢያሳይ ቀጂዋ ዐይኗን አፈጠጠች። ዘሩ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከዚያ ደን ተወስዶ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታሪካ ዞሮ ፓናማ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 እዚያ ውድድር አሸንፎ ነው ዋጋው ሰማይ የወጣው። ከፍለው ጠጡት። እቴቴ፣ «ጥሩ ነው፤ ግን ሁለተኛ የለውም፣ ሦስተኛ የለውም፣ ይሄ ምን ቡና ይባላል?» አለች።

ማታ በጥቂት ዩዋን የሕዝብ ጀልባ ተሳፈሩ። 600 ሜትሩ የካንቶን ማማ ቀለሙን እየለዋወጠ ከላያቸው ቆመ። ላይ ለመውጣት ገንዘብ የሚከፍል ይክፈል፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ማማው የሚያምረው ከወንዙ ሲያዩት ነው፤ ላይ የወጣ ሰው ሁሉን ያያል፣ ማማውን ግን አያይም።

በመመለሻቸው ቀን ባይዩን ላይ ሻንጣው ሚዛን ሲወጣ ኪሎው በለጠ። እቴቴ ተቆጣች፣ ለመነች፣ ካልኩሌተርም አወጣች፤ እዚያ ግን አይሠራም። ሻንጣውን ወለሉ ላይ ከፍታ ስትበረብር፣ ከጃኬቶቹ ሥር ከቺንግፒንግ የገዛው አንድ ከረጢት የጭስ ኮረሪማ ወጣ። ልጁ ልትጥልብኝ ነው ብሎ አየር ሳበ። እሷ ከረጢቱን መልሳ ከተተችና ሦስት ጃኬት አውጥታ፣ «ልበሳቸው» አለችው፤ በዚያ ወበቅ ውስጥ። ሁለቱን ለበሰ፣ ሦስተኛውን እሷ።

በሉ፣ ቡናው ፈልቷል፤ ስኒውን አቀብሉኝ።