ጎተራው ሰፋ፣ ቆጣሪው ቀረ

በ2000 ዓ.ም. ገደማ ደብረ ማርቆስ ሳለን፣ የመመረቂያ ጽሑፋችንን ለያዘች አሮጌ ላፕቶፕ የ160 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ገዛንላት። ባዮሷ ግን 137 ብቻ አለች። ሻጩን አማነው፤ ለካ ያለ ጥፋቱ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ኤቲኤ የተባለው ደረጃ የዲስክ አድራሻን በ28 ቢት ይጽፍ ነበር። እያንዳንዱ ሴክተር 512 ባይት ስለሚይዝ ቆጠራው 137 ጊጋባይት ላይ ያልቃል። በ2002 የወጣው ኤቲኤ-6 ወደ 48 ቢት አሳደገው፤ ብዙ የቀደሙ ላፕቶፖች ግን እዚያው ቀሩ።

ይባስ ብሎ፣ አንዳንድ አሮጌ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ወሰኑን ሲያልፍ ወደ ዲስኩ መጀመሪያ ዞሮ በነባር ፋይል ላይ ይጽፋል። የእኛም ጽሑፍ እንዲሁ ጠፋ፤ የተረፍነው ቀድመን በሲዲ ስለቀዳነው ነው።

እናንተም መጀመሪያ ቅዱ። ባዮስ ስታድሱም ባትሪው ይሙላ፤ መብራት መሃል ላይ ከሄደ ላፕቶፗ ላትነሳ ትችላለች።