ኦርጋኑ ወደ ኮምፒውተር እንዴት ገባ?



ወደ እኛ ከሚመጡ ወላጆች ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ አለ። «ልጄ ሙዚቃ እሠራለሁ እያለ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅሮ ያመሻል። ይህ ጨዋታ ነው ወይስ ሙያ? ተበድሬም ቢሆን ኪቦርድ ልግዛለት?» ይላሉ። መልሱን ለማግኘት ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማችኋል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እኛ በየሰርጉ ኦርጋን ወይም ኪቦርድ የምንለው መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ሲንተሳይዘር ነው። ክራር በጅማት፣ ዋሽንት በትንፋሽ ድምፅ ሲሰጡ፣ ሲንተሳይዘር ድምፁን የሚፈጥረው በኤሌክትሪክ ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ሞግ በ1964 ለባለሙያዎች ያሳየው መሣሪያ ክፍሎቹ በገመድ የሚያያዙ ስለነበሩ፣ ድምፅ ለመለወጥ ገመድ መንቀልና መሰካት ግድ ነበር። በ1970 የወጣው ሚኒሞግ ከቦታ ቦታ ለመያዝ የሚመች ቢሆንም በአንድ ጊዜ የሚያሰማው አንድ ኖታ ብቻ ነበር።

በ1983 ሁለት ታላላቅ ነገሮች ሆኑ። አንደኛ፣ የጃፓኑ ያማሃ ዲኤክስ 7 የተባለውን ኪቦርድ አወጣ። 16 ኖታዎችን በአንድነት ያሰማል፤ ዋጋው ግን ወደ 2,000 ዶላር ይጠጋ ነበር። ሁለተኛ፣ ሚዲ የተባለው መግባቢያ የተለያዩ ፋብሪካዎችን መሣሪያዎች እርስ በርስና ከኮምፒውተር ጋር አገናኘ። ሚዲ ድምፅ አያስተላልፍም፤ የትኛው ቁልፍ፣ መቼና በምን ያህል ኃይል እንደተመታ ይናገራል።

የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ከቀረ በኋላ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ከሞግና ከዲኤክስ 7 ጋር አዋህዶ አንድ ካሴት ብቻውን ቀረጸ። ከዚያ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲታተም ወደ መድረክ ተመለሰ። ባንዱ አብሮት ባይሆንም ሙያው አብሮት ነበር።

ኮምፒውተሮች እየፈጠኑ ሲሄዱ መሣሪያው ራሱ ፕሮግራም ሆነ። በ1997 የስዊድኑ ፕሮፔለርሄድ ሪበርዝ የተባለውን ፕሮግራም አወጣ፤ ሮላንድ በ1980ዎቹ የሠራቸውን መሣሪያዎች ድምፅ የሚያስመስል ነበር። ነገር ግን ሪበርዝ በ2005 ተቋረጠ። ያስመሰላቸው አሮጌ መሣሪያዎች ግን በደንብ የተያዙት እስከ ዛሬ ይጫወታሉ። ስለሆነም ፕሮግራም ርካሽ ነው፣ ቦታም አይዝም፤ ዕድሜው ግን በኮምፒውተሩ ላይ የተንጠለጠለ ነው። መሣሪያው ውድ ነው፤ ግን ራሱን ችሎ ይቆማል።

እንግዲህ ወላጆች፣ ለዚህ ብላችሁ አትበደሩ። ለጀማሪ ቤት ያለው ኮምፒውተር፣ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራምና የጆሮ ማዳመጫ ይበቃል። ልጁ ከበረታ፣ የራሱ ድምፅ የሌለው ትንሽ የሚዲ ኪቦርድ ጨምሩለት። ሙሉውን ኪቦርድ በየሰርጉ መጫወት ሲጀምር ታስቡበታላችሁ፤ ያገለገለም ቢሆን ችግር የለውም። ከመግዛታችሁ በፊት በአካባቢያችሁ መትናስ የሚሞክረው ኪቦርድ እንዳለ ጠይቁ።

ማታ ደግሞ አጠገቡ ቁጭ በሉና «እስቲ ትዝታን፣ ቀጥሎ ባቲን አሰማኝ» በሉት። ሁለቱን ለይቶ ካሰማችሁ ጨዋታ አይደለም። ያንን ጆሮ በሱቅ አይገዙትም፤ ከእናንተ ነው የሚያገኘው።