ደረቅ ክትባት ፈንጣጣን አጠፋ፤ ደረቅ ደምስ?

ፍስሐ ገነት ላይ አንዲት እናት በወሊድ ብዙ ደም ቢፈሳት፣ ጎበዝ ሐኪም ቢኖርም የሚተካ ደም ከሌለ ትርጉም የለውም። ቀይ የደም ሴል ደግሞ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢበዛ 42 ቀን ነው የሚቆየው። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ወዳጆቼ፣ ይህን ፈተና አንድ ጊዜ አልፈነዋል። ጥር 1963 ዓ.ም. አገራችን የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ስትጀምር መንገድ በሌለበት ገጠር በረዶ ተሸክሞ መዞር የማይታሰብ ነበር። መላውን ያገኘው እንግሊዛዊው ሌስሊ ኮሊየር ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ክትባቱን በብዛት አቀዝቅዞ የማድረቅ ዘዴ አዘጋጀ፤ በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ተንነት ይለወጣል። ሙቀት የሚችለው ደረቅ ክትባት መንደር ድረስ ሄዶ እዚያው ተበጥብጦ ይሰጥ ነበር። በኢትዮጵያ የመጨረሻዋ ታማሚ፣ የ3 ዓመት ሕፃን፣ ነሐሴ 1968 ዓ.ም. ዲሞ በምትባል መንደር ተገኘች።

ደምስ? ፕላዝማ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደርቆ ጦር ሜዳ ደርሷል። ቀይ ሴል ግን ውሃው ሲወጣ ሽፋኑ ይጎዳል። አሜሪካዊው ሬይመንድ ጉድሪች ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 የፈጠራ መብት ያገኘበት ዘዴ፣ ሴሉን ከስኳርና ከፖሊመር ጋር ማድረቅ ነው። ሐሳቡ ስኳሩ የውሃውን ቦታ ይዞ ሽፋኑን እንዲጠብቅ ነው። ዛሬም ግን የሆስፒታል የዘወትር ሕክምና አልሆነም።

እስኪሆን ድረስ የእናቶቻችን ተስፋ የእኛው ክንድ ነው። ጤነኛ ሰው በየ3 ወሩ መለገስ ይችላል። ያኔም ደረቁን ክትባት ተሸክሞ ተራራ የወጣው ሰው ነበር።