ብቻውን የቀረው ሹም፤ የ«ቀትር» ፊልም ታሪክና ትምህርቱ

አንድ ጀግና ብቻውን ወንበዴዎችን ሲገጥም የሚያሳዩ ፊልሞች ቍጥራቸው እጅግ የበዛ ነው። አብዛኞቹ ተመልካቹን ለአንድ ምሽት አስደስተው በማግሥቱ ይረሳሉ። በ1952 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣው «ቀትር» የተባለው ፊልም ግን ከሰባ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ሌሎቹ ፊልሞች ጀግናው እንዴት እንዳሸነፈ ይነግሩናል፤ ይህ ግን ጀግናው ስለ ምን ብቻውን እንደ ቀረ ይጠይቀናል። ጥያቄው ከጀግናው ይልቅ ወደ ተመልካቹ የሚያመለክት ስለሆነ፥ የፊልሙን ታሪክ ከመነሻው መመርመር የሚጠቅም መስሎ ታይቶናል።

የታሪኩ ቦታ በአሜሪካ ምዕራብ የምትገኝ፥ ሃድሊቪል የምትባል የፈጠራ ከተማ ናት። የከተማይቱ ጸጥታ አስከባሪ ሹም ዊል ኬን በዚያው ዕለት ጧት ሚስት አግብቷል፤ በደረቱ ላይ ያደርገው የነበረውን የቆርቆሮ ኮከብ አስረክቦም ከሙሽራው ከኤሚ ጋራ ለመሄድ ተሰናድቷል። በዚህ ጊዜ ወሬ መጣ። ቀድሞ እሱ ይዞ ለፍርድ ያቀረበው ፍራንክ ሚለር የተባለ ነፍሰ ገዳይ ምሕረት ተደርጎለት ከወህኒ ወጥቷል፤ በስድስት ሰዓት ባቡርም ይደርሳል። ሦስት ግብረ አበሮቹ በጣቢያው ተቀምጠው ይጠብቁታል። ተተኪው ሹም የሚገባው ግን በማግሥቱ ነው። ኬን ወዳጆቹ ገፋፍተውት ከከተማ ከወጣ በኋላ ጋሪውን አቁሞ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ኬን ከሥራው ተሰናብቷል፤ ቢሄድ በሕግ የሚጠይቀው የለም፤ እንዲያውም ሂድ የሚሉት የከተማይቱ ታላላቆች ናቸው። ነገር ግን በተሰናበተው ሹምና ገና ባልደረሰው ሹም መካከል አንዲት ቀን ባዶዋን ቀርታለች፤ ወንበዴዎቹም የሚመጡት በዚያችው ቀን ነው። ኬን የተመለሰው ጀብዱ ናፍቆት አይደለም። ሚለር የትም ቢሄድ ተከታትሎ እንደሚደርስበት ያውቃል፤ ይፈራልም። ሹሙን ሆኖ የተጫወተው ጋሪ ኩፐር ያን ጊዜ የ50 ዓመት ሰው ነበረ፤ በፊቱም ላይ የሚነበበው ድካምና ሥጋት እንጂ ኵራት አይደለም።

ኬን ረዳት ፍለጋ ሲዞር የሚያገኘው መልስ የፊልሙ ዋና ነገር ነው። በሚለር ላይ የፈረደው ዳኛ ሰንደቅ ዓላማውንና የፍትሕ ሚዛኑን ከችሎቱ አውርዶ፥ ጠቅልሎ ይሄዳል። ምክትሉ ሃርቪ ፔል የሹመቱን ቦታ ለእኔ ካላሰጠኸኝ አልረዳህም ብሎ ኮከቡን ይፈታል። አንድ ወዳጁ ሚስቱን ቤት የለም እንድትል አዝዞ ከጓዳ ይሸሸጋል። የሆቴሉ ጸሓፊ በሚለር ዘመን ገበያው ይደራ እንደ ነበረ ያስታውሳል። ከኬን በፊት ሹም የነበረው ሽማግሌ እጄን ቍርጥማት ይዞታል ይላል። ሌላውም አስቀድሞ ቃል ሰጥቶ የነበረ ሰው፥ ከእሱ በቀር ማንም አለመምጣቱን ባየ ጊዜ ሚስቱንና ልጆቹን እያነሣ ወደ ኋላ ይላል። በቤተ ክርስቲያን የተሰበሰበው ሕዝብ እርስ በርሱ ይከራከራል፤ በመጨረሻም ከንቲባው ተነሥቶ ኬንን እጅግ ካመሰገነ በኋላ፥ በመንገዳችን ላይ ተኩስ ከተሰማ ከሰሜን ገንዘባቸውን ሊያመጡልን ያሰቡት ሰዎች ይሸሻሉና ብትሄድልን ይሻላል ብሎ ይደመድማል።

ከእነዚህ መልሶች አብዛኞቹ ፈጽሞ ከንቱ ናቸው ሊባሉ አይችሉም። የልጆች አባት ስለ ልጆቹ ቢያስብ፥ ሽማግሌው ስለ ሕመሙ ቢናገር፥ ከንቲባው ስለ ከተማው ንግድ ቢጨነቅ እውነት አላቸው። ነገሩን አስፈሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ከተማይቱን ለወንበዴ አሳልፎ የሰጣት አንድ ታላቅ ክዳት ሳይሆን የብዙ ትንንሽ ምክንያቶች ድምር ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል፤ ሃድሊቪል ሃምሳውን ሎሚ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ጭና መስኮቷን የዘጋች ከተማ ናት። አብረንህ እንቁም ብለው የመጡት አንድ የ14 ዓመት ልጅና አንድ ዐይኑ የጠፋ ሰካራም ናቸው፤ ኬንም ሁለቱን መለሳቸው።

የፊልሙ አዘጋጅ ፍሬድ ዚነማን በኦስትሪያ ያደገና በ1929 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ የተሻገረ ሰው ነበረ፤ ወላጆቹ ናዚዎች ካጠፏቸው አይሁድ መካከል ናቸው። ፊልሙ 85 ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን የታሪኩም ጊዜ ከዚሁ ጋራ የተቀራረበ ነው። ስለዚህ በግድግዳ ላይ ያሉት ሰዓቶች ደጋግመው በታዩ ቍጥር ተመልካቹ ከኬን ጋራ ደቂቃ ይቈጥራል። ሥዕሉን ያነሣው ፍሎይድ ክሮስቢ ጥቍርና ነጭ ፊልም ተጠቅሞ፥ ሰማዩን እንደ አሮጌ ፎቶግራፍ ነጭና ባዶ አድርጎ አሳየ። ካሜራውም ከፍ እያለ ሲሄድ፥ ባዶው መንገድ ሰፍቶ ሹሙ በመካከሉ አንሶ ይታያል።

ይህ ታሪክ በሚጻፍበትና በሚቀረጽበት ወራት ግን ተመሳሳይ ነገር በደራሲው ላይ ይደርስ ነበር። ካርል ፎርማን ቀድሞ የኮሙኒስት ፓርቲ አባል ነበረ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የተቋቋመው ኮሚቴ የሲኒማ ሰዎችን እየጠራ ይመረምር ነበር፤ ከተጠራው ሰው የሚፈለገውም የራሱን ቃል መስጠት ብቻ ሳይሆን የጓደኞቹን ስም መጥራት ጭምር ነው። ፎርማን ቀረጻው በሚካሄድበት በመስከረም 1951 ዓ.ም. ቀርቦ የሌሎችን ስም አልጠራም አለ። ወዲያው ከሥራ ባልደረባው ከስታንሊ ክሬመር ጋራ ተለያየ፤ የሚያውቁትም ሰዎች ሸሹት። ጋሪ ኩፐር በፖለቲካ ከእሱ ጋራ የማይስማማ ሰው ሲሆን ደገፈው፤ በሚያቋቁመው አዲስ ኩባንያ ውስጥም ሊገባ ተስማማ፤ ነገር ግን ግፊት በበዛበት ጊዜ እሱም ተወው። ፎርማን በኋላ እንደ ተናገረው፥ በሃድሊቪል ሰዎች አፍ የምንሰማቸው ምክንያቶች እሱ ራሱ ከወዳጆቹ የሰማቸው ነበሩ።

በ1952 ዓ.ም. ፎርማን ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደደ። በ1957 ዓ.ም. ለወጣው «የክዋይ ወንዝ ድልድይ» ለተባለው ፊልም ከማይክል ዊልሰን ጋራ ድርሰቱን ቢጽፍም ስማቸው አልተጠቀሰም፤ የኦስካር ሽልማት ለልብ ወለዱ ደራሲ ለፒየር ቡል ተሰጠ። ሽልማቱ በእውነተኞቹ ጸሐፊዎች ስም የተመዘገበው ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው።

«ቀትር» ራሱ አራት የኦስካር ሽልማቶች አገኘ፤ አንደኛውም የኩፐር ነበረ። ኩፐር በቦታው ስላልነበረ በ1953 ዓ.ም. ሽልማቱን የተቀበለለት ጆን ዌይን ነው። ይኸው ዌይን በኋላ ፊልሙን ከአሜሪካዊነት የራቀ ነው ብሎ ነቀፈው፤ ፎርማን ከአገር እንዲወጣ በመርዳቱም እንደማይጸጸት በ1971 ዓ.ም. ተናገረ። አዘጋጁ ሃዋርድ ሆክስም፥ ሥራውን የሚያውቅ ሹም ሕዝቡን እርዱኝ እያለ አይዞርም በማለት፥ በ1959 ዓ.ም. ዌይንን ይዞ «ሪዮ ብራቮ» የተባለውን ፊልም ለመልስ ሠራ። ይህን ክርክር እንደ ዋዛ ልናልፈው አይገባም። ለሥራው የተቀጠረና የሠለጠነ ሰው ባለበት፥ ባለ ሱቁንና አናጢውን ወደ ተኩስ መጥራት ተገቢ ነውን የሚለው ጥያቄ ክብደት አለው። ነገር ግን ሆክስ ራሱ ለሹሙ አንድ ሰካራም፥ አንድ አንካሳ ሽማግሌና አንድ ጐልማሳ ረዳቶች አድርጎ ሰጥቶታል። ተቃዋሚውም ቢሆን ሹሙን ብቻውን ሊያቆመው አልቻለም።

ለጥያቄው ሌላ ዐይነት መልስ የመጣው ከወደ ፖላንድ ነው። በሰኔ 4 ቀን 1989 ዓ.ም. በዚያ አገር በተደረገው ምርጫ «ሶሊዳሪቲ» የተባለው የሠራተኞች ማኅበር ከገዢው ፓርቲ ጋራ ሲወዳደር፥ ቶማሽ ሳርኔትስኪ የተባለ ወጣት ሠዓሊ የጋሪ ኩፐርን ሥዕል ወስዶ የምርጫ ማስታወቂያ አደረገው። በቀኝ እጁ በጠመንጃ ፋንታ የምርጫ ወረቀት አስያዘው፤ በደረቱም ላይ ከኮከቡ በላይ የማኅበሩን ምልክት ለጠፈለት። ምርጫው ሲፈጸም ማኅበሩ ከ100 የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት መቀመጫዎች 99ኙን አገኘ። በሃድሊቪል መስኮታቸውን የዘጉት ሰዎች በፖላንድ ወደ አደባባይ ወጡ ማለት ነው፤ በዚህም ምክንያት ማንም ሰው ብቻውን በመንገድ መካከል መቆም አላስፈለገውም።

በፊልሙ መጨረሻ ኬንን የምትረዳው ኤሚ ናት። አባቷና ወንድሟ በጥይት ስለ ሞቱባት መሣሪያ ማንሣትን በሚከለክለው በኩዌከሮች እምነት የጸናች ሴት ነበረች፤ ትታው ልትሄድ ባቡር ላይ ከወጣች በኋላ የተኩስ ድምፅ ሰምታ ተመለሰች። አራቱ ወንበዴዎች ሲሞቱ የከተማው ሰዎች ከየቤታቸው ወጥተው ይከቧቸዋል። ኬን አይቈጣቸውም፤ አይሰድባቸውምም። ኮከቡን ከደረቱ ፈትቶ ከእግራቸው ሥር አፈር ላይ ይጥለዋል፤ ከሚስቱም ጋራ በጋሪ ተቀምጦ ይሄዳል።

በመንግሥት ሥራና በማስተማር ላይ ለምንገኝ ለእኛ ይህች ኮከብ የምታስተምረን ነገር ያላት ይመስለናል። ሕዝብ ለአንድ ሰው ሹመት ሲሰጥ የራሱን ሥራ ያካፍለዋል እንጂ ፈጽሞ አስረክቦት ነጻ አይወጣም። ጀግና በመፈለግ ላይ ያለች ከተማ ባየን ቍጥር፥ ጀግናው ከየት ይመጣል ብለን ከመጠየቃችን በፊት፥ የቀሩት ሰዎች በየቤታቸው ምን ምክንያት እያዘጋጁ እንደሆነ፥ የእኛም ምክንያት ከእነዚያ መካከል ይገኝ እንደሆነ ብንጠይቅ መልካም ነው።